ከፍሪጁ ጀርባ የተቆረጠው ቱቦ

የባሌን ታላቅ እህት ዕድሜዬን ሙሉ «አንቱ» ስል ኖሬአለሁ። ዛሬም ፊት ለፊት ስንገናኝ ከዚያ ዝቅ አላደርጋትም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ብዬ ልጻፋት። እኔ ከእሷ የወሰድኩት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። እሷ ከእኔ የወሰደችው ብዙ ነው፤ ሁሉንም እዚህ አላወራውም።

የማወራው ስለ አንድ ፍሪጅ ነው። ከተበላሸ በኋላ በወጉ መወገድ ሲገባው ሳይወገድ ስለቀረ ፍሪጅ። ከጀርባው ያለው ቱቦ አይቆረጥ ብዬ ነበር፤ ተቆረጠ። አረቄ ይውጣበታል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ወጣበት። ሰው ይጎዳል ብዬ ስናገር የሰሙኝ ሁሉ የድሮ ቂሜን የማወራ መሰላቸው። ቂም አልነበረኝም አልልም። ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ። ነገር ግን ቂም ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም።

ፍሪጁን የገዛሁት ቢሮ እሠራ በነበረበት ጊዜ በራሴ ደመወዝ ነው። ይህን የምጽፈው ባሏ ገዛላት ተብሎ ስለተወራ ነው። ያኔ ደብረ ታቦር ላይ ፍሪጅ መግዛት ያስቅ ነበር። ክረምት ላይ የቧንቧው ውሃ ራሱ ጥርስ ያማል። ዕቃው ቤት በገባ ሰሞን የባሌ እህት ከገሳይ መጣች። እሷ የምትኖረው እዚያ ነው፤ አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው የታወቀችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፣ ሳትነካው በጣቷ እያሳየች።

«ማቀዝቀዣ ነው፣ እትዬ።»

«የጉና ተራራ ብርድ አላቀዘቅዝልሽ አለ?»

ባሌ ሳቀ። እሱ እህቱ በተናገረች ቁጥር ይስቅ ነበር። በሩን ስከፍተው ውስጡ በራ፤ እሷ ወደ ኋላ አለችና «በስመ አብ! ነጭ የሬሳ ሳጥን!» አለች። ስሙ በዘመዱ ሁሉ ዘንድ ቀረ። ከገጠር የሚመጣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ «እስኪ የሬሳ ሳጥኑን አሳዩን» ይል ነበር። እሷ ከዚያ ፍሪጅ የወጣ ውሃ አንድ ቀን አልጠጣችም። ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን በእጇ ዳብሳ ቀዝቃዛ ከሆነ ትመልስልኛለች።

ከዚያ በፊትም ብዙ ነገር ነበር። በሠርጌ ቀን አረቄ በመለኪያ ቀድታ በእንግዳ ፊት አምጥታልኝ፣ ጨጓራዬን ያመኝ ስለነበር አልጠጣሁም። «ሙሽሪት ንቃናለች» ብላ ለዳሱ ሁሉ ተናገረች። ልጄን ስወልድ «አንድ ሴት ወልዳ ዘጋች» አለች። ያንን የነገረችኝ ጎረቤት አሁን በሕይወት የለችም፤ ብትኖር ምስክሬ ነበረች።

ባሌ መልካም ሰው ነበር፤ ይህንንም ልጻፍ። ነገር መጣል ግን አይችልም ነበር። ከወጥ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች መጋዘን ነበረችን፤ የሞተ ዕቃ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ገመዱ የተቃጠለ ካውያ፣ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ የሬዲዮው ባትሪ ድንጋዮች ውሃ አውጥተው ዝገው፣ የተቃጠሉ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራት ዘንጎች። «እናስወግደው» ስለው «ቆይ እስኪ፣ አንድ ቀን የሚሠራው ሰው ይመጣል» ይላል። የሚሠራው ሰው ሳይመጣ ፍሪጁም ሞተና እዚያው ገባ።

ልጄ በዚያ መሐል ከዐረብ አገር ተመለሰች። እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ መከራ አይታለች፤ ያንን እሷ ካልፈለገች እኔ አልጽፈውም። አንድ የተማረችው ነገር ግን የተበላሸ ዕቃ እንዴት እንደሚወገድ ነው። የአሠሪዋ ፍሪጅ ሲበላሽ ሰዎች ማሽን ይዘው መጥተው ጋዙን ወደ ሲሊንደር ስበው ካወጡ በኋላ ነው ከቤት ያወጡት። በሩን ነቀሉት። ገመዱን ከሥሩ ቆረጡት፣ ሌላ ሰው አግኝቶ መልሶ እንዳይሰካው። እዚህ መጥታ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጠረችና ያንኑ ሥርዓት ለማስለመድ ትታገል ጀመር። የባሌ እህት ይህን ስትሰማ፣ «ዐረብ አገር ድረስ ሄዳ ቆሻሻ መጣል ተምራ መጣች» አለች። ባሌ እንደ ልማዱ ሳቀ። ልጁ ናት እኮ።

ከዚያ ባሌ ታመመና ሞተ። ስለዚያም ብዙ አልጽፍም። ለአርባው ዳስ የሚጣልበት ቦታ ስላስፈለገ መጋዘኗን ማፍረስ ግድ ሆነ። ቆሻሻ በጋሪ የሚሰበስቡት ልጆች መጥተው አዩና «እማማ፣ እኛ ይህን አንነካም፤ የምንደፋበት ቦታም አይቀበለን» አሉ። አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ባልዲና በሳፋ የሚለውጠው ልዋጭ መጣ። እሱ ሁሉንም እወስዳለሁ አለ። ልጄ ግን ቴሌቪዥኑን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀችው።

«መዳቡን አወጣለሁ።»

«ቀሪውንስ?»

«ቀሪውማ ወንዝ አለ አይደል!»

ወንዙ ዳር የተሰበረውን የቴሌቪዥን መስታወት እኔም አይቼው አውቃለሁ፤ ከብቶች የሚጠጡበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ልዋጩን መለስነው። ልጄ ጓንት አድርጋ ዕቃውን ለየች። የሬዲዮ ድንጋዮቹን ክዳን ባለው ፕላስቲክ አደረገች። የመብራት ዘንጎቹን እንዳይሰበሩ በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አስገባች። ገመዶቹን ከየዕቃው ሥር ቆረጠች። ለሱቋ ከባሕር ዳር ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን ስለሆነ፣ እዚያ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ለሚረከቡ ሰዎች እንዲያደርስላት ሾፌሩን ለመነችው። በመጀመሪያው ጉዞ ትናንሾቹ ሄዱ። ፍሪጁ ቦታ ስለሚይዝ ለሚቀጥለው ጉዞ ቆየ። ያ አንድ ጉዞ ነው ያጠፋን። መኪናው ትንሽ ሰፋ ያለ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አርባው ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የባሌ እህት ጮክ ብላ፣

«የወንድሜን ማስታወሻ አልሰጣችሁኝም» አለች።

እኛ ዘንድ የሟች ዘመድ ማስታወሻ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፤ በለቅሶተኛ ፊት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። እኔ ጋቢውን አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬላት ነበር። አምጥቼ ሰጠኋት።

«ጋቢ ያልቃል» አለች። «ያንን ነጩን ሳጥን ስጡኝ።»

«የሬሳ ሳጥን ያሉትን?» ከአፌ አመለጠኝ።

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በጉሮሮው ዋጠ። እሷ አልደነገጠችም።

«አዎ እሱን። እህል አኖርበታለሁ። አይጥ ጨረሰኝ።»

«እሱ የሚሄድበት አለው፣ እትዬ።»

«የት ነው የሚሄድ? ዐረብ አገር?»

ዳሱ ሁሉ ሳቀ። በአርባ ቀን። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ወደ እኔ ዞረው፣ «ስጫት እንጂ ልጄ፣ የሞተ ነገር ምን ያደርግልሻል?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ልጄ ተነሥታ አክስቷ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ነገር ማስታረቅ ትወዳለች፤ ከእኔ የወረሰችው አይደለም።

«አክስቴ፣ በሩ ይነቀላል። ልጅ ገብቶ ቢዘጋበት ከውስጥ መክፈት አይችልም።»

«በር የሌለው ጎተራ ምን ይረባል?»

«በጀርባው አስተኝተው በጣውላ ይክደኑት። ከኋላው ያለውን ቱቦ ግን እንዳይነኩት። ውስጡ ጋዝና ዘይት አለ።»

«እኔ እህል ነው የማኖር፤ ቱቦ ምን ያደርግልኛል?»

«ይማሉልኝ።»

«በወንድሜ አጥንት!»

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? በማግስቱ በሩ ተነቅሎ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ገሳይ ሄደ። ልጄ መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው። እኔ ወደ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ውስጥ እፎይታም ነበረ። ግቢው ሰፋ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለተዝካሩ የሚሆነውን ጌሾና ብቅል ይዘን ከልጄ ጋር በሚኒባስ ገሳይ ሄድን። የሟች እህት አረቄውን ማውጣቷ ደንብ ነው፤ አሁንም ቢሆን እሷን ትቼ ሌላ ሰው ማዘዝ አልችልም ነበር። ስንደርስ እሳቷን እያነደደች ነው። ድሮ ከማሰሮዋ አፍ ተነሥቶ ወደ መቀበያው የሚወርደው ሸምበቆ ነበር። እሱ ሲሰነጠቅ በሊጥ ትለጥፈዋለች፣ እንፋሎቱም በየስንጥቁ ያመልጣል። አሁን ሸምበቆው የለም። ማሰሮዋም በበርሜል ተለውጧል። ከበርሜሉ ክዳን ላይ እባብ የመሰለ ጥቁር ጥምዝምዝ ቱቦ ተነሥቶ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይገባል። በወዲያኛው ጫፍ አረቄው እንደ እንባ ኩልል እያለ ይወርዳል።

ልጄ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ፊቷን ሳይ ነው የገባኝ።

«አክስቴ፣ ይህ የፍሪጁ ነው?»

«አዎ። ግቡ እንጂ፣ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? እዩት እስኪ እንዴት እንደሚያወርድ! እንዲህ ያለ ነገር ታቅፋችሁ ነው የኖራችሁ።»

«አልነካውም ብለው ምለው አልነበረም?» አልኳት።

«በጀርባው አስተኚው ያለችኝ ልጅሽ ናት። ይህ ከጀርባው የወጣው ጉብጉብ አላስተኛ አለኝ። ምን ላድርግ? አስቆረጥኩት። ሲቆረጥ ፉ… ብሎ ተነፈሰና ዝም አለ። ጋዝ ጋዝ ያላችሁት ያ ነው? የአህያ ፈስ አይበልጥም።»

እውነቷን ነበር፤ በጀርባው አስተኝተው ያለቻት ልጄ ናት። ልጅ በውስጡ እንዳይታፈን ብላ። ጀርባው ቱቦ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሲተኛ ምን እንደሚሆን ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ማንም አላሰበም።

ልጄ ጎንበስ ብላ ቱቦው ከክዳኑ ጋር የተገናኘበትን ቦታ አየች። ግራጫ ነገር ዙሪያውን ተለስኖበታል።

«ይህን በምን ነው ያስበየዱት?»

«መንገድ ዳር ያለው በያጅ ነው የሠራልኝ። በእርሳስ።»

«አክስቴ፣ እርሳስ መርዝ ነው። ከአረቄው ጋር ይወርዳል። ውስጡም የሞተር ዘይት ነበረበት።»

«በእንዶድ አጥቤዋለሁ! ደግሜ ደጋግሜ። ሸማ የሚያነጣ እንዶድ ቱቦ አያጠራም?»

«እንዶድ ይህን አያወጣውም።»

የባሌ እህት ከቱቦው ጫፍ በመለኪያ ቀዳችና ዓይናችን እያየ ጨለጠችው። ሁልጊዜም የመጀመሪያውን የምትቀምሰው እሷ ናት፤ ሥራዋ ነው።

«ሞትኩ?» አለች።

«እትዬ፣ እባክዎ ለተዝካሩ በሸምበቆው ያውጡልን» አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የለመንኳት። እሷን ለምኜ አላውቅም ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ከሠርግሽ ቀን ጀምሮ አረቄዬን ጠልተሽው ኖረሻል። ያኔ ጨጓራዬን አልሽ። አሁን ደግሞ እርሳስ አመጣሽ።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ብዙ መልስ። አንዱን ከጀመርኩ ግን የሁሉም በር ይከፈታል ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ። በሚኒባሱ ስንመለስ ልጄ «እማዬ፣ አንቺ ባትናገሪ ይሻል ነበር» አለችኝ። ተቀየምኳት። ደብረ ታቦር እስክንደርስ አላናገርኳትም።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ስለ ቱቦው፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ዘይቱ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ቂም ተይዞ ተዝካር አይደገስም» አሉኝ።

«አባቴ፣ ስለ ቂም አይደለም የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅር በያት።»

ለባሌ ዘመዶችም ተናገርኩ። አንዱ «ብረት በእሳት ይነጻል» አለኝ። ሌላው «እኛ ስንጠጣው ከርመናል፣ ይኸው አለን» አለ። አንዲቱ ደግሞ ልቤን ነካችው። «እትዬ፣ የምትይው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከአንቺ አፍ ሲወጣ ሌላ ይመስላል» አለችኝ። ለምን ሌላ ይመስላል ብዬ አልጠየቅኋትም። ስለ ባሌ እህት አረቄ፣ ስለ ንግግሯ፣ ባሌ ከእሷ ቤት ሲመጣ ስላለው ሽታ ስንት ዓመት ስናገር እንደኖርኩ ይህችም ዘመድ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የተናገርኩት ሁሉ ተገቢ ነበር። ይህኛው ግን ከዚያ ሁሉ ጋር ተደባልቆ ጠፋ።

ተዝካሩ ዕለት አረቄው በቢጫ ጀሪካን መጣ። የሚቀዳውን ሰው ለብቻው ጠርቼ «ጠላውን ብቻ አዙር» አልኩት፤ እሺ አለኝ። የባሌ እህት ይህን ስታይ ጀሪካኑን ራሷ አንሥታ መለኪያ ይዛ መዞር ጀመረች። «ለወንድሜ ነፍስ» እያለች ትቀዳለች፤ ሰውም «ነፍስ ይማር» እያለ ይጠጣል። እኔ ጋ ደረሰች። ቀድታ ዘረጋችልኝ። መለኪያውን ሳልቀበላት መዳፌን አፉ ላይ ከደንኩበት።

«እትዬ፣ ሰዉ ይህን አይጠጣ» አልኩ። የሰሙኝ በአካባቢዬ የነበሩት ናቸው። ሌሎቹ ያዩት እጄን ብቻ ነው፤ በባሏ ተዝካር ለባሏ ነፍስ የተቀዳውን የከለከለች ሴት።

«እንደ ሠርግሽ ቀን» አለች እሷ። ከዚያ ዞር ብላ ራሷ ጠጣችው።

በዚያ ቀን የታመመ ሰው የለም። በሳምንቱም የታመመ የለም። በዘመድ ዘንድ ሳቅ ሆንኩ። ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንዱ የባሌ አጎት ልጅ አግኝቶኝ «እትዬ፣ ፍሪጅ ጠጥተን እኮ አልበረደንም» አለኝ። አብረውን የተሳፈሩት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውት ሳቁ። ልጄ፣ «እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን አይገድልም፤ ጥቂት በጥቂት ነው» ትላቸው ነበር። ለእሷም የሚሰማ አላገኘችም። የእናቷ ወገን ናት ተባለች።

ጥቂት በጥቂት የጠጣው ግን ማን ነው? ሌላው ለተዝካር፣ ለማኅበር፣ ለገበያ ቀን ነው የሚጠጣው። እሷ ግን በወጣ ቁጥር ትቀምሳለች። ጠዋት እሳት ከማንደዷ በፊት፣ ማታ ከማጥፋቷ በፊት። መጀመሪያ ሆዷን ቆረጣት። ቁርጠት ነው ብላ ፌጦ በጥብጣ ጠጣች፤ ማወራረጃው ያው አረቄ ነው። ቀጥሎ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ የቀኝ እጇ መዳፍ ወደ ታች ወደቀባት፤ ጣቶቿን ማንሳት አቃታት። ጠበል ሄደች። ሲከፋ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አመጧት።

ሐኪሙ ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደምትጠጣ ሲጠይቅ ዘመዶቿ ስለ አረቄው አላነሡም። የነገረችው ልጄ ናት። እርሳስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል አለ፤ የደሙ ምርመራ እዚህ ስለማይሠራ ወደ ሌላ ከተማ ትሂድ ብሎ ጻፈላት። አልሄደችም። ስለዚህ በርግጥ እርሳሱ ነው ብዬ መሐላ መግባት አልችልም። የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። እኔ የማውቀው ያልኩትንና ያየሁትን ነው።

ቤቷ ድረስ ልጠይቃት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። መደብ ላይ ተኝታለች፤ እጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። የአረቄ ምድጃዋ ቀዝቅዟል፤ ድመት ተኝታበታለች።

«መጣሽ?» አለች። «ደስ አለሽ?»

«አላለኝም፣ እትዬ።»

«አፍሽ ነው የጣለኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ክፉ ተናገርሽብኝ፣ ይኸው ያዘኝ።»

«እኔ እንዳይጠጡት ነው ያልኩት።»

«እሱማ ያልሽው ነው። ያልሽበት ልብ ግን…»

አልጨረሰችውም። ብርቱካን ላጥኩላት። በግራ እጇ ተቀብላ በላች፤ ከእኔ እጅ ስትበላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስለ ልቤ የተናገረችው ሐሰት ነው ብዬ ልከራከራት ፈልጌ ነበር። መንገዱን ሁሉ ግን ሐሰት መሆኑን ለራሴ ማስረዳት አቅቶኝ መጣሁ። እሷን ለማዳን ብቻ ነው የተናገርኩት? ወይስ ለአንድ ጊዜ እንኳ ትክክለኛዋ እኔ መሆኔ እንዲታይ? ይህን ለማንም አልመልስም። አሁን የሚጸጽተኝ፣ አንድ ቃሉ ለሚታመን ሰው ነገሩን ሰጥቼ እኔ ዝም አለማለቴ ነው። ልጄ ብቻዋን ሄዳ ብትለምናት፣ እኔ ደጅ ብቆይ፣ ምናልባት። ምናልባትም ያው ይሆን ነበር።

ከመነሣቴ በፊት ቱቦው የት እንዳለ ጠየቅኋት፤ ልጄ በመኪናው ልትልከው ፈልጋ ነበር።

«ለልዋጭ ሰጠሁት» አለች። «ባልዲ ሰጠኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ። ልፈልገው ነው የወጣሁት አልልም፤ ሽንኩርትም ያስፈልገኝ ነበር። ቁርጥራጭ ብረት በሚሸጥበት በኩል ሳልፍ ግን ዓይኔ ፈለገ። አንዱ ሻጭ አሮጌ የፍሪጅ ቱቦዎች በእንጨት ላይ ሰቅሏል። የእኛው ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጥምዝምዝ ናቸው። አንዲት የገጠር ሴት አንዱን አውርዳ በአንደኛው ጫፉ እየነፋች በሌላኛው እጇን ደቅና ትንፋሿ ማለፉን ትሞክራለች።

«ለአረቄ ነው፣ ልጄ?» አልኳት።

«አዎ እናቴ። ሸምበቆ አስቸገረኝ።»

«ተይው። ከተበላሸ ፍሪጅ የወጣ ነው። ውስጡ የሞተር ዘይት ነበረበት፤ ሲበየድ ደግሞ በእርሳስ ነው የሚበየደው። አንዲት ሴት በዚህ ስታወጣና ስትጠጣ ኖራ እጇ ከዳት።»

ሻጩ «አይ እማማ፣ ገበያዬን አይዝጉብኝ እንጂ!» አለ።

ሴትዮዋ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ። «የሚያውቋት ሴት ናት?» አለችኝ።

«የባሌ እህት ናት።»

«ውይ! እግዚአብሔር ይማርልዎ።» ቱቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብላ ሄደች። ከዚህ በላይ አልፈጀም። ለባሌ እህት ካልኳት አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ምናልባት አሳጥሬው ይሆናል። ይህች ሴት ስለ ሠርጌ ቀን የምታውቀው ነገር የለም።

ሻጩ ቱቦውን አንሥቶ አቧራውን ጠረገና መልሶ ሰቀለው። ከወዲያ ሌላ ሴት መጥታ ቀና ብላ ታየው ጀመር። ዘንቢሌን ከትከሻዬ አውርጄ እግሬ ሥር አስቀመጥኩትና ለእሷም ያንኑ ነገርኳት።

«እማማ» አለ ሻጩ፣ እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ ሳይለይለት፣ «ሌላ ሥራ የለዎትም?»

«የለኝም» አልኩት።